ቆሮሶ የሚኖርበት፣ ሳልመን የቆመበት ውሃ

የዛሬው ወሬያችን ስለ ዓሣና ስለ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ወይ የጥርስ ሳሙና ነው፣ ወይም በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ባደጉ ወገኖቻችን ጥርስ ላይ የምናየው ቡናማ ቀለም። እኛ ጉድጓዱ አልተስማማንም ብለን ሌላ ውሃ ልናፈላልግ እንችላለን፤ ወይም ዝናብ እናጠራቅማለን፣ ወይም ቦቴ እንጠብቃለን። ዓሣ ይህ ሁሉ የለውም። ውሃው ቤቱም አየሩም ነው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ሁሉ ሌት ተቀን በስንጥቡ በኩል ያልፋል።

ሁለት ቁጥር ልንገራችሁና ከዚያ እንነሳ። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ የዋሽንግተንንና የኦሪገንን ግዛቶች በሚያዋስነው የኮሎምቢያ ወንዝ ላይ፣ በአንድ ሊትር ውሃ እስከ ግማሽ ሚሊግራም የሚደርስ ፍሎራይድ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ከጉዞው አስቁሞታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ላንጋኖ ሐይቅ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይዞ ቆሮሶው ይራባል፣ አምባዛው ይወፍራል፣ አስጋሪውም መረቡን ይጥላል። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። አንዱ ቁጥር ስህተት ይሆን? አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ስለ ፍሎራይዱ ብቻ ሳይሆን አብሮት በውሃው ውስጥ ስላለው ነገርና ስለ ዓሣው ዘር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሚሊግራም እያልኩ ስቀጥል ግራ እንዳይገባችሁ፣ ግማሽ ሚሊግራም በሊትር ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት በርሜል ውሃ ሞልቶ፣ በዚያ ሁሉ ውስጥ ግማሽ ግራም ፍሎራይድ ማሟሟት ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። ምንም ያልነካው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከዚህም ያነሰ ነው፤ በሊትር ከ0.01 እስከ 0.3 ሚሊግራም። ከአንዳንድ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በታች ግን ይህ መጠን በአሥር፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

አሁን ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ሳልመን ከወንዝ ተወልዶ ወደ ውቅያኖስ የሚወርድ፣ ጎልምሶ እንቁላሉን ለመጣል ደግሞ ወደተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። በዚህ የመልስ ጉዞው አይበላም ማለት ይቻላል፤ የያዘው ስንቅ በአካሉ ያጠራቀመው ስብ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን ከስንቁ ላይ ይቀነሳል። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ትልልቅ ግድቦች ተደርድረዋል፤ ዓሣው እንዲያልፍ በየግድቡ ጎን ውሃ የሚወርድበት ደረጃ ተሠርቶለታል። የዓሣ መሰላል ይሉታል። ዓሣው ከታች መግቢያውን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያ ከገንዳ ወደ ገንዳ እየዘለለ ወደ ላይ ይወጣል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ዴይ በተባለው ግድብ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ታየ። በሌሎቹ ግድቦች ላይ ሳልመን ከ48 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲያልፍ፣ እዚህ ግን ከ150 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው! በ1982 እዚያ ከደረሱት ዓሦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መንገድ ላይ ቀሩ። መሰላሉ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ የውሃው ፍጥነት? ዳምኬር እና ዴይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ውሃውን ራሱን መመርመር ጀመሩ። ከግድቡ ትንሽ ከፍ ብሎ በወንዙ ዳር አንድ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ነበር። አሉሚኒየም የሚመረተው ክራዮላይት በተባለ ፍሎራይድ ያለበት የቀለጠ ማዕድን ውስጥ ነውና ከፍሳሹ ፍሎራይድ አይጠፋም። በዚያ ዓመት በግድቡ አካባቢ የተለካው መጠን በሊትር ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብለው አልተቀመጡም። ሳልመኖች ወደ ላይ በሚጓዙበት በሌላ አነስተኛ ወንዝ ላይ ሁለት ቦይ አዘጋጁ፤ በአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ፍሎራይድ የተጨመረበት ውሃ ለቀቁ። ከዚያ ዓሣው ራሱ እንዲመርጥ ተዉት። ግማሽ ሚሊግራም ሲደርስ የሳልመኖቹ ጉዞ ተዛባ። 0.2 ሚሊግራም ሲሆን ግን ያን ያህል አላወካቸውም። በዚህ መሃል ማቅለጫው ወደ ወንዙ የሚለቀውን ፍሎራይድ በ1982 ከነበረበት በቀን 384 ኪሎግራም በ1985 ወደ 49 ኪሎግራም አወረደው። ዓሦቹ በግድቡ ለማለፍ የሚፈጅባቸው ጊዜ ወደ 28 ሰዓት ወረደ፤ የሚጠፉትም ከመቶ ከአምስት በታች ሆኑ።

ልብ በሉ፤ ግማሽ ሚሊግራም ሳልመንን መርዞ የሚገድል መጠን አይደለም። በዚያ ውሃ ውስጥ ዓሣ ብታስቀምጡ በማግስቱ ሞቶ አታገኙትም። የጠፋበት ጉዞው ነው፤ ጉዞውን ያጣ ሳልመን ደግሞ ስንቁ ያልቅበታል። ብዙ ጊዜ የውሃ ብክለት ሲነሳ «ታዲያ የሞተ ዓሣ የታለ?» የሚል ሙግት እንሰማለን። ለኔ ይህ ጥያቄ የዘገየ ጥያቄ ነው። ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ጉዳቱ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በፊት አመሉ ይለወጣል፣ ምግቡን ይተዋል፣ መንገዱን ይስታል፣ መራባቱን ያቆማል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዓሣው ውስጥ እንግባ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ኑሮ ያለ ዕረፍት ሥራ ነው። ደሙ ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ጨው አለው፤ ስለዚህ ጨው ሳያቋርጥ ከአካሉ ወደ ውጭ ይሾልካል፣ ውሃ ደግሞ ሳያቋርጥ ወደ አካሉ ይገባል። የገባውን ውሃ ኩላሊቱ በሽንት ያስወጣል። የሾለከውን ጨው ደግሞ በስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ህዋሳት ከውሃው ውስጥ እየለቀሙ ይመልሱለታል። ይህ የመመለስ ሥራ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ፍሎራይድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከውሃው በስንጥብ በኩል፣ ጥቂቱም ከምግብ ጋር ወደ ደም ይደርሳል። ሥራቸውን ለመሥራት ማግኒዚየም የሚፈልጉ ኢንዛይሞችን ያሰናክላል። ከነዚህ አንዱ ኢኖሌዝ ይባላል፤ ህዋስ ከስኳር ጉልበት በሚያወጣበት ረጅም ሂደት ላይ የሚገኝ ነው። ጨው የሚመልሱት የስንጥብ ፓምፖችም ከጉዳቱ አያመልጡም። ጉልበት ሲያንስ ጨው የመመለሱ ሥራ ይዳከማል፤ ሥራው ሲዳከም ደም ይዛባል።

በፍሎራይድ ክፉኛ የተጎዳ ዓሣ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ይፈዛል፤ ምግብ ሲጣልለት አይነቃም። ቆዳው ይጠቁራል፣ ስንጥቡና ገላው ላይ ልጋግ ይበዛል። ቀጥሎ ሚዛኑን እየሳተ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዱ በድንገት ይወራጫል። ሲሞት ጡንቻው ተኮማትሮ ሰውነቱ ግትር ብሎ ይገኛል። በቻይና በካርፕ ዓሣ ላይ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ደግሞ ዓይን የማያየውን አሳይተዋል፤ የስንጥብ ቅጠሎች ማበጥ፣ የጉበት ህዋሳት መበላሸት፣ የኩላሊት ቱቦዎች መጎዳት። እነዚህ ሙከራዎች የተሠሩት በአብዛኛው ወንዝ ላይ ከሚገኘው በእጅጉ በሚበልጥ መጠን ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ አንስቶ ሐይቅ ላይ መለጠፍ አያስኬድም። ጉዳቱ በየትኛው አካል እንደሚጀምር ግን በደንብ ያሳያሉ።

የአጥንቱ ነገር ለብቻው ይነገር። አጥንትና ቅርፊት የተሠሩት ከካልሲየምና ከፎስፌት ነው፤ ፍሎራይድ ደግሞ ከካልሲየም ጋር መጣበቅ ይወዳል። ስለዚህ ዓሣው ወደ ደሙ የገባውን ፍሎራይድ ብዙውን ወስዶ አጥንቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ለጊዜው ይህ መዳኛው ነው፤ ከደም ወጥቶ ከተቀበረ ኢንዛይሞቹን አያገኛቸውም። ግን የተቀበረው እየተከማቸ ይሄዳልና ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አጥንቱ የያዘው ይበዛል። ሥጋው ውስጥ የሚገኘው በአንጻሩ ጥቂት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ምግብ ጠረጴዛ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አሁን እንግዲህ ያንን የ20 እጥፍ እንቆቅልሽ እንፍታው። በ1960 ኒውሆልድና ሲግለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ትራውትንና ካርፕን ጎን ለጎን ፈተኑ። ትራውት የሳልመን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እኛም አገር ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል። ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውስጥ ከትራውቶቹ ግማሹን የገደለው መጠን በሊትር ከ5 ሚሊግራም ያነሰ ነበር። ለካርፕ ግን 75 እና ከዚያ በላይ አስፈለገ። ስለዚህ የዓሣው ዘር ራሱ አንድ ትልቅ መልስ ነው።

ሁለተኛው መልስ ካልሲየም ነው። ካልሲየም የበዛበትን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም፣ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። በ1983 የታተመ አንድ ሙከራ ይህንኑ በትራውት ላይ ለካው። ካልሲየሙ በጣም ባነሰበት ውሃ ውስጥ በአራት ቀን ግማሹን ዓሣ የገደለው 51 ሚሊግራም ሲሆን፣ ካልሲየሙ በበዛበት ውሃ ግን 193 ሚሊግራም ፈለገ። ዓሣው ያው፣ ፍሎራይዱም ያው፤ የተለየው ውሃው ነው። «ቅድም ከ5 ያነሰ ብለህ አሁን 51 ትላለህ» የሚል አድማጭ አይጠፋም፤ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ለ20 ቀን የቆየ ነበር፣ ይኼኛው ግን የአራት ቀን ብቻ። ፍሎራይድ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ በአራት ቀን ሙከራ «ደኅና ነው» የተባለ መጠን ሦስት ሳምንት ሲቆይ ይገድላል። ለዚህ ነው እኔ የአጭር ጊዜ ምርመራ ውጤት ይዞ ለሚመጣ ሰው ቶሎ የማልረታው።

ሦስተኛ፣ ክሎራይድ አለ፤ የገበታ ጨው አንዱ ክፍል ማለት ነው። እነዚያው ኒውሆልድና ሲግለር በ1962፣ አስቀድሞ ክሎራይድ ባለበት ውሃ ውስጥ የቆየ ትራውት ፍሎራይድን የተሻለ እንደሚችል አሳዩ። የሎውስቶን በተባለው የአሜሪካ ፓርክ ውስጥ ከፍልውሃዎች የሚቀዳው የፋየርሆል ወንዝ በሊትር 12 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ፍሎራይድ ይይዛል፤ ትራውት ግን ይኖርበታል። ሙቀትም ጣልቃ ይገባል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር የዓሣው አካል ፈጥኖ ይሠራል፣ መርዙም ፈጥኖ ይጎዳዋል። ትንሹ ዓሣ ደግሞ ከትልቁ ይበልጥ ይጎዳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይዱን ያመጣው በዋነኛነት ፋብሪካ ሳይሆን መሬቱ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረው አመድና ድንጋይ ፍሎራይድ ይዟል፤ ዝናቡና ፍልውሃው እያሟሟ ያወጣዋል። በሌላ ቦታ ቢሆን ካልሲየም ይይዘውና ድንጋይ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። የሸለቆው ውሃ ግን የበዛበት ሶዳ ነው፤ ካልሲየሙ ቀድሞ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ወደ ታች ወርዷል። ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። በወንጂ ስኳር ልማት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እስኪጎብጥ የተጎዱት በዚሁ በተፈጥሮ ፍሎራይድ ነው።

ሐይቆቹም በየደረጃቸው ይለያያሉ። ዝዋይ፣ ማለትም ደንበል፣ ከመቂና ከከታር ወንዞች ይሞላል፤ በቡልቡላ ወንዝም ይወጣለታል። ውሃው ስለሚታደስ ፍሎራይዱ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ላንጋኖ ከ10 ያልፋል። አቢያታና ሻላ ግን መውጫ የላቸውም፤ ከእነሱ ውሃ የሚሄደው በትነት ብቻ ነው። ትነት ደግሞ ውሃውን ይወስዳል እንጂ የሟሟውን ነገር አይወስድም። ስለዚህ በሁለቱ ፍሎራይዱ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ደርሷል።

በላንጋኖ ቆሮሶን የሚያድነው እንግዲህ ካልሲየም አይደለም፤ ካልሲየሙ ጥቂት ነውና። በውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያግዘዋል፣ ዘሩም እንደ ካርፕ ቻይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ተፈትነው ያለፉ ናቸው። የማይችለው ገና ድሮ አልቋል። የኮሎምቢያው ሳልመን በንጹሕ ውሃ ለኖረ ዘር የተሠራ አካል ይዞ ነበር ድንገት ፍሎራይድ የተለቀቀበት። አንዳንድ ሰው የላንጋኖን ቆሮሶ እያየ «ፍሎራይድ ዓሣን አይጎዳም» ቢል፣ ከጦርነት በሕይወት የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ ጥይት አይገድልም እንደማለት ነው።

የአቢያታ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ እግረ መንገዴን ሳላነሳው አላልፍም። አቢያታ በቀደሙት ዓመታት ቆሮሶ የሚጠመድበት ሐይቅ ነበር። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ሳይቀሩ ለምግብ ወደ አቢያታ ይበሩ ነበር። ከዚያ ላዩ ላይ፣ በዝዋይና በቡልቡላ፣ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በዛ፤ ከአቢያታ ራሱም ለሶዳ አመድ ፋብሪካ ውሃ ይቀዳ ጀመር። ሐይቁ ሸሸ። የሸሸ ሐይቅ ደግሞ በውስጡ ያለው ሶዳ፣ ጨውና ፍሎራይድ አንድ ላይ ይጠናል። ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን አጡ። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ለፍሎራይድ መስጠት አልፈልግም፤ ዋናው ጠላት የጨውና የሶዳው መጠን ነበር። ግን መርዝ ሳይጨምሩ፣ ውሃውን በመቀነስ ብቻ፣ ለዓሣ የማይሆን ሐይቅ መፍጠር እንደሚቻል የምናይበት ቦታ ነው።

ከመሬቱ ወደ ሰው እጅ እንመለስ። ፍሎራይድ ወደ ውሃ የሚለቁት የታወቁት የአሉሚኒየም ማቅለጫዎች፣ ከፎስፌት ድንጋይ ማዳበሪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ የመስታወትና የሸክላ ጡብ ምድጃዎች ናቸው። ከምድር ጥልቅ ሙቅ ውሃ እያወጡ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጣቢያዎችም አሉበት፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ውሃ ወደ ወንዝ ሳይሆን ተመልሶ ወደ መሬት ውስጥ እንዲገባ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ባለው አሉቶ የእንፋሎት ኃይል ሲስፋፋ ይህ ጥያቄ አብሮ መነሳት ይኖርበታል።

ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በኖራ ያክማሉ። በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ኖራ ብቻውን ፍሎራይዱን በሊትር ከ10 ሚሊግራም ብዙ ዝቅ ማድረግ ይቸግረዋል። «ፍሳሹ ታክሟል» ሲባል እንግዲህ ታክሞ ስንት ቀረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚሰማ መከራከሪያ አለ፤ «ውሃው የመጠጥ ውሃ ደረጃን ያሟላል» የሚል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ካናዳ ግን ለውሃ ውስጥ ሕይወት ያወጣችው መመሪያ 0.12 ነው። እኛ በሰላም የምንጠጣው ውሃ ለትራውትና ለሳልመን አደጋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስፔናዊው ተመራማሪ ሁሊዮ ካማርጎም በ2003 ባሳተመው ሰፊ ቅኝት፣ ካልሲየም ላነሰባቸው ውሃዎች ከ0.5 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት ብሏል። ምክንያቱ ዓሣው ብቻ አይደለም፤ ዓሣው የሚበላቸው አንዳንድ የውሃ ነፍሳት እጮች ከራሱ ከዓሣው ይበልጥ ለፍሎራይድ ስስ ናቸው። ዓሣው ደኅና ሆኖ ምግቡ ሊጠፋበት ይችላል።

በመጨረሻ፣ ከላንጋኖ ወይም ከሐዋሳ የመጣ ዓሣ ይበላል ወይ ለሚል አድማጭ፦ ሥጋው ይበላል። ቅድም እንዳልኩት ፍሎራይዱ የሚከማቸው አጥንትና ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ሥጋው ላይ ያለው ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚሻው አጥንቱ ነው። ትንንሽ ዓሣ አድርቆ ከነአጥንቱ ለሚበላ፣ በተለይም ለሕፃናት ምግብ ብሎ ከነአጥንቱ ለሚፈጭ ሰው ነገሩ ይለያል። ከገበያ የተረፈ የዓሣ አጥንት ሰብስበው ለዶሮ መኖ የሚፈጩም አሉ፤ አጥንቱ ፍሎራይድ ከበዛበት ሐይቅ የመጣ ከሆነ መኖው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቢመረመር ይሻላል። ከዝዋይ የመጣና ከላንጋኖ የመጣ አጥንት በአንድ ጆንያ ሲቀላቀል ግን የትኛው የየትኛው ሐይቅ እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ከማሳረፊያው፣ ጀልባው ዳር ከደረሰበት ጀምሮ ለየብቻ ይቀመጥ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ አምባዛና ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ስለሚተነፍስበት ብልሃት እናወራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።